ዘይት ሙሉበት

ሃያ ዓመት ከጀልባ ሞተር ጋር የኖረ ሰው በየትኛው ሰይጣን ተመክሮ ነው ሞተር ውስጥ የምግብ ዘይት የሚሞላው? ሳሌም ይህን ለራሷ የጠየቀችው ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነበር፤ መልሱን ግን አላገኘችውም። የጠየቀችውም ወዳ አይደለም። አጎቷ ጋሽ ዘገዬ ስልክ ሲያወራ የሚቆመው እሷ መስኮት ሥር ነው፤ «ኔትወርክ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው» ይላል። የካምፓላው ሰፈራቸው ኪሱጉ ውስጥ የኔትወርክ ችግር የለም። ጋሽ ዘገዬ ያለበት የአድማጭ ችግር ነው።

«የሱፍ ዘይት ነው የምልህ!» ይላል። «ባለሙያ ነኝ ብሎኝ፣ ሦስት ዓመት አብልቼ አጠጥቼ፣ ሞተሬን እንደ አሣ ጠበሰልኝ እኮ! … ሥዩም ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል? … የለም፣ የለም፣ ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ። አንተ ብቻ አሥር ሰዓት ላይ ና። ሞተሩ ይነሣል። መሐንዲስ እቤቴ አለችኝ።»

እቤቱ ያለችው መሐንዲስ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ሳሌም ፖላንድ፣ ግዳንስክ በሚባል የወደብ ከተማ አምስት ዓመት የመርከብ ምህንድስና ተምራለች። እዚያ ያስተማሯት ሞተር የአራት ፎቅ ቁመት ያለው፣ ተማሪዎች በደረጃ እየወጡ የሚጎበኙት፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ቡና ሊጠጣ የሚችልበት ነበር። ማንም ፈትተሽ ግጠሚው አላላትም፤ ስለ እሱ ፈተና ጻፈች፣ አለፈች፣ ጨረሰች። ለሁለት ሳምንት ዘመድ ልጠይቅ ብላ ካምፓላ የመጣችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጋቢት ነው፤ በኮሮና ኤርፖርቱ ተዘጋ፤ ኋላ ተከፈተ፤ እቀጥርሻለሁ ያላት የመርከብ ኩባንያ ግን አልተከፈተም። ትምህርት ቤቶቹ እንደተዘጉ ሁለተኛው ዓመት ስለተጋመሰ፣ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ንቲንዳ የሚባል ሰፈር ድረስ እየሄደች ለሁለት የሀብታም ልጆች ክፍልፋይ ታስተምራለች። ይህን ሁሉ ጋሽ ዘገዬ ያውቃል። የትምህርቷን ግማሽ የከፈለላት እሱ ነው፤ ሙሉውን የሚያወራውም እሱ ነው። ለደንበኞቹ ሁሉ እስከ ዛሬ «መሐንዲሷ» ናት፤ መሐንዲሷ ሻይ ታምጣልህ፣ መሐንዲሷ ሂሳብ ትቀበልህ።

የሞተሩ ነገር እንዲህ ነው። ጋሽ ዘገዬ «ሰገነት» የሚባል፣ ሰገነት የሌለው ምግብ ቤት አለው። ሰዓት እላፊው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ደንበኛ ሲመናመንበት፣ ሰው መሬት ላይ መዝናናት ከተከለከለ ውሃ ላይ ይዝናናል ብሎ አሰበና ጋባ በሚባለው የሐይቅ ወደብ ላይ ባለ አርባ ፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት የእንጨት ጀልባ ገዛ። ጀልባዋን የሚነዳውም ሞተሩን የሚጠግነውም ሥዩም ነው፤ አርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጸጉሩን ያሸበተ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በስደት መጥቶ ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ከሰል ከሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ የሚያድር ዝምተኛ ሰው። ጋሽ ዘገዬ ጀልባዋ ላይ አራት ቋሚ አስተክሎ ሸራ አስወጠረና «ሰገነት» ብሎ በትልቁ አስጻፈበት። ሥዩም «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ነፋስ ይይዛል። ጀልባ ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን?» አለው። «አንተ ንዳ፣ ማስታወቂያውን ለኔ ተወው» አለ ጋሽ ዘገዬ። ማክሰኞ ማታ ዶፍ ወረደ፤ ነፋሱ ማስታወቂያውን አነበበና ጀልባዋን ገለበጣት።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሥዩም ገመድ ይዞ ጠልቆ ሞተሩን አወጣው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ፣ ሆስፒታል እንደሚወሰድ ሰው አቅፎት ኪሱጉ ድረስ አመጣው። ከዚያ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስደነገጠ ነገር አደረገ፦ ጓሮ ያለውን በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞላና ሞተሩን መልሶ አሰጠመው። «ካንዴላና ዘይት ገዝቼ እስክመለስ እንዳትነኩት» ብሎ ወደ ኪሴካ ገበያ ሄደ። ጋሽ ዘገዬ ከሐይቅ የወጣው ሞተሩ በርሜል ውስጥ ዳግመኛ ሲሰጥም ባየ ጊዜ እናቷ እንደሞተችባት ሴት ደረቱን መታ። ያን ጊዜ ነው ንቲንዳ ለነበረችው ለሳሌም የደወለላት። እሷ የሁለት አምስተኛንና የሦስት አራተኛን ድምር ለአንዲት ዓይኗን ለምትጠርግ ልጅ እያስረዳች ነበር። «አውጡት! ወዲያው አውጡት!» ብላ፣ ማድረግ ያለባቸውን ነግራ፣ ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍልፋይዋ ተመለሰች። ማታ ለሰዓት እላፊ አሥር ደቂቃ ሲቀር ገብታ፣ ምንም ሳትጠይቅ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ፣ መስኮቷ ሥር ያለው ንግግር ካለቀ በኋላ፣ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤቱ ወረደች። የጋሽ ዘገዬ ባለቤት እትዬ ፋንቱ ከአንድ ድስጥ ሽንኩርት ፊት ተቀምጣ ትከትፋለች። ከግድግዳው ጋር ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል፦ ወዲህ ለመጥበሻ የሚሆነው፣ በጠዋት ብርድ ነጭ ሆኖ የሚረጋው የፓልም ዘይት፤ ወዲያ፣ በሻሽ የተሸፈነው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈተው የሱፍ። ከሱፉ ጄሪካኖች አንዱ ባዶውን አንገቱን ደፍቶ ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ጋሽ ሥዩም ሞተሩን የምግብ ዘይት ሞላው የሚባለው እውነት ነው?»

«ሥዩም መች ነበረና? ኪሴካ ሄዶ የለም እንዴ።» ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ታዲያ ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ።»

«ምን ነካሽ እትዬ!»

«እኔን ምን ነካሽ ትላለች እንዴ! አንቺ አይደለሽም ያልሽው? ሰውየው ስልኩን በላውድ አድርጎት ጆሮዬ ላይ፣ ‹አውጡት፣ ካንዴላዎቹን ፍቱና በየቀዳዳው ዘይት ሙሉበት›። አላልሽም?»

ሳሌም ብላለች። ቃል በቃል እንዲያ ብላለች።

«የሞተር ዘይት ማለቴ ነበራ!»

«የሞተር አላልሽም።»

«ለሞተር እኮ ነው!»

«ለሞተር መሆኑን ባላውቅ ኖሮ የሱፉን እሰጥ ነበር? ፓልሙ እያለልኝ? ለደንበኛ የነፈግኩትን!» አሁን ቢላዋዋ ቆመ። «አምስት ሊትሩ አርባ ስምንት ሺህ ሺልንግ ገብቷል። ‹ብቻ ይዳን› ብዬ እያፈሰስኩ፣ እሱ ከላይ ሲጠጣ ከታች ሲተፋ፣ አንድ ጄሪካን ጨረሰ። ደግሞ የረጋውን ሰጥቼው ‹ፋንቱ ቆጠበችበት› ልባል?»

ጋራዥ ውስጥ ዘይት ያለ ሰው የሚያገኘው ጥቁሩን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ያለ የሚያገኘው ቢጫውን ነው። ሳሌም አምስት ዓመት ስለ ዘይት ተምራለች፤ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ሙቀት መጠኑ፣ ስለ ጫናው። ስልኩ የሚደወልላት ከወጥ ቤት መሆኑን ግን በየትኛውም ኮርስ አላነሡላትም።

«ጋሼ ይሄን ያውቃል?» አለች ቀስ ብላ።

«ስልኩን ማን የያዘው መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ሥዩም ነው ይላል?»

እትዬ ፋንቱ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ሽንኩርቱ አስለቅሷት ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ይበል ታዲያ? ‹ባሕር ማዶ ያስተማርኳት ናት› ይበል? ‹ሚስቴ ናት› ይበል? ሰው ሲጠይቀው ማንን ይበል?» ብላ ወደ ክትፈቷ ተመለሰች። ነገሩ በቤቱ ሕግ ያለቀለት ነበር። ሦስት ሰው አለ፤ አንዷ መሐንዲስ ናት፣ አንዷ የቤት እመቤት ናት፤ የሚቀረው አንድ ነው። ክፍልፋይ አይፈልግም።

ጓሮ ስትወጣ ሥዩም ሞተሩን ከእንጨት ማቆሚያ ላይ አስሮት፣ ክዳኑን አውልቆ ጎንበስ ብሏል። አጠገቡ አንድ የተቋጠረ ሻንጣ አለ። ጋሽ ዘገዬ ጠዋት «ቁርስህን ብላና እስከ ምሳ ውጣልኝ» ብሎት ወደ ገበያ ሄዷል። ሥዩም ቁርሱን ትቶ ሞተሩን ይዟል።

«ጋሽ ሥዩም፣ አሰናብቼሃለሁ አላለህም እንዴ?»

«እኔን እንጂ ሞተሩን መች አሰናበተው፣ ኢንጂነር። ሌላ አንድ ሌሊት ካደረ ዘይቱ ሙጫ ይሆናል። ነይ፣ ያን ካቻቢቴ አቀብይኝ።»

አቀበለችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ጠዋቱን በሙሉ አብራው ዋለች። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈትተው ሞተሩን አፉን ወደ መሬት ደፉት፤ ከየቀዳዳው ወርቅ የመሰለ ዘይት፣ ከዘይቱ ኋላ ወተት የመሰለ የሐይቅ ውሃ፣ ከውሃው ኋላ ጭቃ ተንጠባጠበ። እትዬ ፋንቱ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ «ይጣራ ይሆን?» አለች። ሁለቱም ቀና ብለው ሲያዩዋት መስኮቱን ዘጋች። ቀጥሎ ካርቡራቶሩን ፈትተው በነጭ ጋዝ ነከሩት። ሳሌም የካርቡራቶር ሥዕል በእጇ ሥላ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች፤ እጇ ላይ ሲቀመጥ ግን የትኛው በኩል ከላይ እንደሚሆን ጠፋት። ሥዩም ምንም ሳይላት አገላብጦ ሰጣት። ጥቃቅኖቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በአፉ እየነፋ፣ በፀሐይ አቅጣጫ ይዞ ብርሃን መግባቱን ያያል። ከዚያ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሰው ገመዱን እየሳቡ ያጥባሉ፤ ይተፋል፣ ይሞላሉ፣ ይስባሉ። ስድስት ጊዜ። በስድስተኛው የወጣው ጋዝ የሱፍ ሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«መልሰህ ውሃ ውስጥ የከተትከው ለምን ነበር?» አለችው። ሌሊቱን ስልኳ ላይ ፈልጋ አንብባው ነበር፤ ትክክል እንደነበረ ታውቃለች፤ ከእሱ አፍ መስማት ፈለገች።

«ብረት ውሃ ውስጥ አይሞትም። የሚሞተው ከውሃ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ነው። ጫሞ ላይ ሞተር ከሰጠመብን፣ ቁልፍና ዘይት እስክናገኝ አናወጣውም ነበር። ሁለት ቀን የተኛ አውጥተን ዓሣ አጥምደንበታል።» ጣቱን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቶ አወጣና አሳያት፤ ዝገት የለም። «እውነቱን ለመናገር እትዬ ፋንቱ ናት ያዳነችው። አንዴ ከወጣ ወዲያ ያ ዘይት ባይኖር ኖሮ ይሄኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ታገኚው ነበር። ይቺን ለጋሼ ብነግረው ደሞዝ ይጨምርላታል።» ሳቀ። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ «ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ማታ ስጠይቃት ‹ዘይት ሙሉበት ተባልን› ነው ያለችኝ። ማን እንዳለ አልነገረችኝም። ማን ይሆን ያለ?»

ተባለ የምትል ቃል እንዴት ያለች ምቹ ቃል ናት። ማንም ሳይኖርባት የምትከራይ ቤት ናት። ሳሌም ነጭ ጋዙን የያዘችውን ጨርቅ ጨመቀች፤ እንደገና ነከረች፤ እንደገና ጨመቀች።

«እንጃ» አለች።

ሥዩም አንገቱን ነቀነቀና «ማንም ይሁን፣ ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው ነው» አለ። «ካንዴላውን ፍቱ ማለትን የሚያውቅ ሰው ነው።» ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሣም። አዲሶቹን ካንዴላዎች ከኪሱ አውጥቶ፣ በወረቀታቸው እንደተጠቀለሉ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ለምሳ ጋሽ ዘገዬ መጣ። ምሳ የሚበላው ከምግብ ቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ማቀዝቀዣ ላይ የተቀመጠ የሚሠራ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ሳሌም ጥቁር ካባ ለብሳ የተመረቀችበት ትልቅ ፎቶ። እትዬ ፋንቱ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝና የለውዝ ወጥ አቀረበች፤ ለሥዩም በሳህን አድርጋ ጓሮ ላከችለት። ሲባረር ሆዱን አይባረር አለች። ሦስቱ አብረው በሉ። ጋሽ ዘገዬ ማቶኬ ካገሩ ሰው በላይ እንደሚወድ፣ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደደ፣ ጠዋት በስልክ ያናገረው ሙሐመድዘይን አራት ጀልባ እንዳለውና ሐይቁ ላይ ላሉት ደሴቶች ዱቄትና ሳሙና እንደሚያመላልስ፣ ሞተሩ ከተነሣለት የኛንም በወር እንደሚከራያት ነገራቸው። እትዬ ፋንቱ ወጥ ጨመረችለት። ሳሌም ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ ማቶኬ ጎረሰች። አራተኛው ላይ «ጋሼ፣ የዘይቱ ነገር…» ስትል፣ ጋሽ ዘገዬ እጁን በእጇ ላይ አሳረፈ። እጁ ሞቃትና ከባድ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ሲይዛት እንደነበረው።

«የቤት ነገር ቤት ይቀራል፣ ልጄ» አለ፣ በጣም በፍቅር። «አንቺ ገና ስም ነው የያዝሽው። ነገ ትልቅ ኩባንያ ይጠራሻል። እሱ ምን ይጎድልበታል? ሲመጣም ያለምንም ነው የመጣ።»

እትዬ ፋንቱ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች፤ ሳሌም ገና እየበላች ነበር፤ የእሷንም አነሣችባት። እንግዲህ ለዚህች ልጅ ሲባል አንድ ሰው ከነሻንጣው ይሸኛል፤ ይህን ያደረገላት ሰው የሚወዳት ሰው ነው፤ ተቃወሚ ቢሏት የምትቃወመው ፍቅርን ነው። ፍቅርን በባዶ ሆዷ ልትቃወም አልቻለችም፤ ጠግባም አልቻለችም። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ነገሩን የቴክኒክ ጉዳይ አደረገችው። ሞተሩ ከተነሣ ጥፋት የለም። ጥፋት ከሌለ ጥፋተኛ የለም። ጥፋተኛ ከሌለ ሥዩም ይመለሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገር አርባ ፈረስ ማስነሣት ቀለላት።

ይህንኑ ስሌት ጓሮ ወጥታ ለሥዩም ነገረችው። ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንግቶ ነበር። ሳህኑን አጥቦ በርሜሉ ላይ ደፍቶታል።

«እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ቆይ፣ ጋሽ ሥዩም። ይነሣል። ሲነሣ ሲያይ ንዴቱ ይበርድለታል፤ ይመልስሃል።»

«ባይነሣ ነበር የሚመልሰኝ፣ ኢንጂነር። ያልተነሣ ሞተር ሠራተኛ ይፈልጋል። ከተነሣማ ምን ያደርገኛል?» ፈገግ አለ። ከዚያ የቀረውን ሥራ እንደ ሐኪም ትእዛዝ በጣቱ እየቆጠረ ነገራት፦ ካንዴላዎቹን በእጅ ካጠበቀች በኋላ ብቻ በቁልፍ፤ ቤንዚኑ ላይ እጥፍ ዘይት፣ «ጥቁሩን ዘይት» ብሎ ሳቀ፤ በርሜሉ ላይ አስራው ታስነሣው፤ ከተነሣ ግማሽ ሰዓት እንዳታጠፋው፣ ሙቀቱ የቀረውን ውሃ ያወጣዋል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ደሴቶቹ ጋ። በስምንት ሰዓት ከጋባ ጀልባ አለ። አሣ አጥማጆቹ ሞተር የሚፈታ ይፈልጋሉ። እዚያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ሥዩም ማነው ብሎ ነው ሰው የሚጠያየቅ። ስም ነው ሥራ የሚያስገባው።» እጁን ሊሰጣት ብሎ፣ ጋዝ መሆኑን አይቶ ክንዱን ሰጣት። ክንዱን ጨበጠችው። «አይዞሽ» አላት ደግሞ። ይቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ የከፋችው ነበረች። በሩ ላይ የቆመ የቦዳ ሹፌር «ጋባ፣ ሴቦ፣ ጌታው? አምስት ሺህ!» ሲል፣ ሥዩም በሦስት ሺህ ሲከራከረው፣ በአራት ሲስማሙ ሰማች። ከዚያ የሞተር ብስክሌቱ ድምፅ ቁልቁል ወረደ።

ጋሽ ዘገዬ ሙሐመድዘይንን ይዞ አሥር ሰዓት ሲል ደረሰ። ሙሐመድዘይን ጸጥ ያለ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ጭንብሉን አገጩ ላይ የሚያንጠለጥል ሽማግሌ ነው፤ ነገር የሚገዛው በጆሮው ነው ይባላል፣ ሞተር ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ሳሌም በርሜሉ ጠርዝ ላይ ያሰረችውን ሞተር ገመዱን ሳበች። ምንም። ሁለተኛ ሳበች፤ አስነጠሰ። ጋሽ ዘገዬ «በስመ አብ» አለ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ መዳፏ ተላጠ። በአምስተኛው ሞተሩ ጮኸ፤ በርሜሉ ዘለለ፤ ከውሃው ውስጥ ነጭ ወፍራም ጢስ እየተንከባለለ ወጥቶ ጓሮውን፣ አጥሩን፣ መንገዱን ሸፈነው። የምን ጢስ ነው! ሰፈሩ በሙሉ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ሸተተ። በአጥሩ ላይ አንዲት ጎረቤት ብቅ ብላ «ኛቦ፣ እመቤት፣ ስንት ነው አንዱ?» አለች። ሁለት የቦዳ ሹፌሮችም በሩ ላይ ቆሙ።

ሙሐመድዘይን ዓይኑን ጨፍኖ አደመጠ። ከዚያ ከፈተና «ይሄ ሞተር ደህና ነው» አለ። «እንዲያውም ተመችቶታል። ምንድን ነው ግን የሚሸተው?»

«አላልኩህም!» ጋሽ ዘገዬ በደስታ የሳሌምን ትከሻ ይመታል። «ያ ሰውዬ እጁን ባነሣ በሦስት ሰዓቱ ተነሣ! በሦስት ሰዓቱ! ቀድሞም እሱ ነበር የያዘው!»

«ማነው እሱ?»

«አንድ ስደተኛ ነዋ» አለ ጋሽ ዘገዬ። እሱ ራሱ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በአንድ የጭነት መኪና ኋላ፣ በሽንኩርት ከረጢት መካከል ነው ኡጋንዳ የገባው። ሽንኩርት ከዚያ ወዲህ ተወዷል። «ሥዩም ይባላል። ያርባ ምንጭ ሰው ነኝ ይላል። የምግብ ዘይት ሞላበትኮ!»

ሙሐመድዘይን ቆቡን አስተካከለ። «ስሙን ማወቄ ጥሩ ነው። ደሴት ላሉት ልጆች እነግራለሁ፣ ሞተሬ አጠገብ እንዳይደርስ። እዚያ ወዲያው ይሰማማሉ።» ከዚያ፣ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነና ያልተረጋገጠ ነገር ማውራት ስለማይወድ፣ ወደ ሳሌም ዞረ። «እውነት ነው፣ መሐንዲሷ? እሱ ነው የሞላው?»

ሞተሩ ይጮኻል። እትዬ ፋንቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ በሽርጧ እጇን እየጠረገች ቆማለች፤ የተጠረገ እጅ መልሳ ትጠርጋለች። ጋሽ ዘገዬ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ረጋ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «እኔ»። ሁለት ፊደል። ከካርቡራቶር ይቀላል፣ መፈታትም አይፈልግም።

«ዘይቱ ይሄን ያህል ጉዳት አላደረሰም» አለች ሳሌም። «ካንዴላዎቹን ቀይረናቸዋል። ቤንዚኑ ላይ ለጊዜው እጥፍ ዘይት ይጨምሩበት፣ እስኪጠራ።»

«የሞተሩን ማለትሽ ነው» አለ ሙሐመድዘይን።

«አዎ፣ የሞተሩን።»

ሽማግሌው ረካ። የተጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ መሆኑን ያስተዋለ እንደሆነ ፊቱ አልተናገረም፤ ነጋዴ ነውና ለሚፈልገው ነገር መልስ አግኝቷል። ከጋሽ ዘገዬ ጋር ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ ፋንቱ በሩን ለቀቀችላቸውና ሳሌምን አንድ ጊዜ አየቻት። የወቀሳ አስተያየት አልነበረም፤ ወቀሳ ቢሆን ይሻል ነበር። እንኳን ወደኛ መጣሽ የሚል ነበር።

ግማሽ ሰዓት አላጠፋችውም፤ እንደታዘዘችው። በጢሱ መካከል በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ረጅም ጻፈች፦ ንቲንዳ ስለነበረችው ልጅ፣ ስለ ክፍልፋዩ፣ ስለ ችኮላዋ፣ ዘይት በአማርኛ አንድ ቃል ስለመሆኑ፣ ስለ አጎቷ እጅ። አነበበችው፤ ለኩባንያ የሚጻፍ ማመልከቻ ይመስል ነበር። አጠፋችው። «ሞተሩ ተነሣ» ብላ ጻፈች፤ ይህንንም አጠፋችው። በመጨረሻ «ጋሽ ሥዩም፣ ዘይት ሙሉበት ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና ሐሳቧን ሳትቀይር ላከችው። በቀኑ ውስጥ እውነቱን የተናገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እውነቱ ምንም ለማይሠራለት ለዚያው ሰው። ከውስጥ የጋሽ ዘገዬ ሳቅ ይሰማል፤ ሙሐመድዘይን ስልክ ይደውላል።

መልእክቱ ዓርብ ደረሰ፤ ሐይቁ መካከል ኔትወርክ የለም፣ በእውነት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ ተነቧል። መልስ አልመጣም። እሑድ አልመጣም። ሰኞ ንቲንዳ፣ የሁለት አምስተኛና የሦስት አራተኛ ድምር አሁንም ላልገባት ልጅ ወረቀት ሰጥታ፣ መልእክቷን ከፍታ እንደገና አነበበችው። ምን ሊመልስላት እንደሚችል ልታስብለት ሞከረች። መልእክቷ ጥያቄ የለበትም። ተመለስ አይልም። ለአጎቴ እነግረዋለሁ፣ ለሙሐመድዘይን እነግረዋለሁ አይልም። ጣቷን መጻፊያው ላይ አኖረች። ልጅቷ «ቲቸር፣ ጨረስኩ» አለቻት፤ ሳሌም ምንም ሳትጽፍ ስልኩን ደፋችው።